ከቀለሙ በፊት

ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ የአባቴን መኪና ከገዛ ግቢያችን የበር ምሰሶ ጋር አጋጨኋት። እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። በዕለቱ ግን ሰማይ የተደፋብኝ ያህል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ጉዳዩ የቆርቆሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ገጽ አላጣብብም ነበር። ለማንኛውም ነገሩን ከሥሩ ላውጋህ፤ እኅቴ ሆይ፣ አንቺም ስሚኝ።

መኪናዋ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠመኔ ይዘው ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በዕቁብ ገንዘብ የገዟት ናት። ጥንት ነጭ ነበረች አሉ፤ ዛሬ ከወተት ይልቅ ቅቤ ትመስላለች። ሰፈራችን ውስጥ «የመምህሩ መኪና» ከተባለ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

በሀገራችን አሮጌ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ያለችው አሮጌ መኪና ትጠገናለች እንጂ አትጣልም። አባቴም ዲኤክሷን የሚያዩዋት እንደ ቤተሰብ ነው። ማታ ማታ በር ከመዘጋቱ በፊት በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጓታል። ይህን ልማዳቸውን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ሳምንት አባቴ አረካ ለቅሶ ሄዱ። ከዕድርተኞቻቸው ጋር በአንድ ሚኒባስ ስለተጓዙ መኪናዋ ቤት ቀረች። ሲወጡ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ባትሪዋ እንዳይሞት ጠዋት ጠዋት አስነሳት። ከግቢ ግን እንዳታወጣት። እሑድ እመለሳለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት አስነሳኋት። ሞተሩ ሲሞቅ የእኔም ልብ አብሮ ሞቀ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ የሌለኝ ልምድ ነው። «እስከ አደባባዩ ደርሼ ብመለስ ማን ያየኛል?» አልኩ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ቀዩን ጭቃ አላቁጦት ነበር። ጎማው ተንሸራተተ፣ እኔ ፍሬኑን አጥብቄ ያዝኩ፣ እሷ ግን አልሰማችኝም። «ጓ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አደባባዩ ቀርቶ ከበሩ እንኳ ሳልወጣ ነገሩ አለቀ።

ወርጄ አየሁ። የግራው የኋላ ፓራፋንጎ ወደ ውስጥ ገብቷል። ስፋቱ የምግብ ሰሃን ያህላል፤ መካከሉ ላይ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ይጎደጉዳል። ቀለሙ ተፍቆ የብረቱ ግራጫ ይታያል። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለችና አንዴ እኔን፣ አንዴ መኪናዋን አየች። «በል እንግዲህ፣ እሑድ ሩቅ አይደለም» ብላኝ ተመልሳ ገባች። አያቴ ደግሞ ከበረንዳው ላይ ሆነው «እሰይ ነፍስህ ተረፈች!» አሉ። ነፍሴ በመትረፏ ብዙም ደስ አላለኝም።

ጋራዥ እንዳልወስዳት ገንዘብ የለኝም። ደግሞም ሶዶ ትልቅ ከተማ ብትሆንም፣ የአርባ ምንጩም የሻሸመኔውም የሆሳዕናውም መንገድ የሚገናኝባት ብትሆንም፣ የመምህሩን መኪና ጋራዥ ቆማ ያየ ሰው ወሬውን ከእኔ ቀድሞ አረካ ያደርሰዋል። ስለዚህ «ራሴው በቤቴ እጠግናታለሁ» አልኩ። ተማሪ አይደለሁ? የማላነበው ምን አለ?

ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። አንዱ የፈላ ውሃ አፍስስበት ይላል። ሌላው የመጸዳጃ ቤት መምጠጫ ጎማ ለጥፈህ ሳብ ይላል። ሁለቱንም ሞከርኩ። በኋላ እንደተረዳሁት የፈላ ውሃ የሚረዳው የዛሬዎቹን የፕላስቲክ ፓራውልቶች ነው፤ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለዝባልና። የመምጠጫ ጎማም ሰፊና ለስላሳ ጉድጓድ ብቅ ሊያደርግ ይችላል። የእኔው ግን መካከሉ ላይ እጥፋት ያለው፣ በደረቅ ምሰሶ የተወጋ የብረት ጉድጓድ ነበር። ውሃው ፈሰሰ፤ ጎማው ተላቀቀ፤ ጉድጓዱ እንዳለ አለ።

ሐሙስ ዕለት ባለኝ ገንዘብ ስቱኮ ገዛሁ። ባለሱቁ አንድ ቆርቆሮ ስቱኮ ከትንሽ ቀይ ማድረቂያው ጋር፣ ጥቂት ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ስፓቱላ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ጉድጓዱን በስቱኮ እሞላለሁ፣ እፍቃለሁ፣ እቀባለሁ፣ አለቀ። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብዬ ማድረቂያውን አበዛሁት። ገና ጠቅልዬ ሳላነሣው ስቱኮው ስፓቱላው ላይ ድንጋይ ሆነ። እኔም ስፓቱላውን እንደ ማንኪያ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ሳሮ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ ተሰማ። ዞር ስል ጎረቤታችን ናቸው። በክንዳቸው አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩኛል፤ መቼ እንደመጡ አላውቅም።

«ሳሮ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጉድጓዱን ልታወጣው ነው ወይስ ልትቀብረው?»

እዚህ ላይ ስለ እኚህ ሰው ጥቂት ልንገራችሁ። ባቲላሜራ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ተቀጥረው ሙያውን ለምደው፣ ኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በግቢያቸው ሲሠሩ ኖረዋል። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ሥራውን ለልጃቸው ትተውለታል። ባቲላሜራ የሚለው ቃል ራሱ የጣልያን ነው፤ ባቴሬ መምታት፣ ላሚዬራ ደግሞ የብረት ሉክ ማለት ነው። ብረት መቺ እንደማለት። ፓራፋንጎም እንዲሁ ጭቃ ከልካይ ማለት ነው። ካቻቪቴ ብንል፣ ፍሪሲዮን ብንል፣ ስቱኮ ብንል፣ ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱን በየጋራዡ ትቶልን ሄዷል። ይህን የተማርኩት ክፍል ውስጥ ስለ ውሰት ቃላት ስናጠና ነው። ቃሉን እንጂ መዶሻውን ግን የያዝኩት በዚያ ሳምንት ነበር።

ጎረቤታችን ወደ ሙያው የገቡት ግን በጣልያንኛ ቃል አይደለም። አባታቸውም አያታቸውም ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማጭድ፣ ዶማ፣ ቢላዋ የሚሠሩ። ይህ በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ የወላይታ ልጅ ያልሆናችሁትም ከየሀገራችሁ ታውቁታላችሁ። ብረት ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ዕቃቸው ቤት ይገባል፤ እነሱ ግን ደጅ ይቀራሉ። በልጅነቴ ከልጆቻቸው ጋር ኳስ እጫወት ነበር። ኳሳችን አጥሩን ትሻገራለች፣ እኛም እንሻገራለን። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን አያቴ በአጥሩ ላይ ይጠሩኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ልጅ ግን ሳይነገረው ያውቃል።

ጋሼ ዞረው በበሩ ገቡ። በእጃቸው አሮጌ የዘይት ጣሳ ይዘዋል፤ ውስጡ ሁለት መዶሻና አንድ ለስላሳ ፊት ያለው፣ በመዳፍ የሚያዝ የብረት ዐምድ አለ። የስቱኮውን ቆርቆሮ አንሥተው አዩና ክዳኑን ዘጉት። «ይህ መጨረሻ ነው» አሉ። «አንተ ከመጨረሻው ጀመርክ።»

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን እንደ ማስታወሻዬ ላስፍረው፤ ነገ ከእናንተም አንዱ ከምሰሶ ጋር ይገናኝ ይሆናል።

መጀመሪያ ታጠበች። ጭቃ ባለበት ብረት ላይ ጉድጓዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ከታጠበችና ከደረቀች በኋላ ቀጭን ጨርቅ ሰጡኝና መዳፌን በጨርቁ ላይ አድርጌ ብረቱን በረጅሙ እንድዳብስ አዘዙኝ። «ዓይን ቀለም ያያል፤ እጅ ግን ብረቱን ያያል» አሉ። እውነትም በዓይኔ ሰሃን ያህል የነበረው ጉድጓድ፣ በእጄ ሳየው ሁለት እጥፍ ሆነ። ምሰሶው መካከሉን ሲገፋ በዙሪያው ያለው ብረት ወደ ውጭ ተነሥቶ ነበር። እኔ ጉድጓዱን ብቻ ሳይ ጉብታውን አላየሁትም።

ቀጥሎ የኋላውን ኮፈን ከፍተን፣ የውስጡን ክርታስ አውልቀን፣ ወደ ፓራፋንጎው ጀርባ ደረስን። እኔ መዶሻውን ይዤ መካከሉን፣ ጥልቁን ልመታ ስል እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ የተመታው የቱ ነው?»

«መካከሉ።»

«መጨረሻ የታጠፈውስ?»

«ዳሩ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ከዳሩ ጀምር። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። መካከሉን አሁን ብትመታው ብረቱ መሄጃ ስለሌለው ይለጠጣል። የተለጠጠ ብረት ደግሞ ወደ ቦታው መመለስ አይችልም፤ ትርፍ ይሆናል። ስትጫነው ጧ ብሎ ይገባል፣ ስትለቀው ጧ ብሎ ይወጣል። ያንን ለማስተካከል እሳት ያስፈልጋል፤ እሳቱ ለአንተ አይሆንም።»

የመኪና ብረት ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ቀጭን ነገር በኃይል አይመታም። ጋሼ ከውጭ ብረታቸውን ደግፈው ይይዛሉ፤ እኔ ከውስጥ ቀስ እያልኩ፣ ከዳር ወደ መካከል እየዞርኩ፣ ኩርኩም በምታህል ምት እመታለሁ። መዶሻው ድጋፉ ካለበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ሲስት ድምፁ ይደፈናል። «በጆሮህም ሥራ» ይሉኛል። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ቦታ ተለዋወጥን፤ እኔ ጉድጓዱን ከውስጥ በብረቱ ስገፋ እሳቸው ጉብታውን ከውጭ በቀስታ ይመታሉ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል። ዓይናቸው ደክሟል ያልኳችሁ ሰው አንዴም አልሳቱም።

ሐሙስ በዚህ መሸ። ዓርብ ጠዋት ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር ጊዜ ዝናብ እንደሚመጣ አወቅን፤ መኪናዋን ከጣሪያው ሥር አስገባናት። ጉድጓዱ የለም ማለት ይቻላል። በእጅ ሲዳበስ ግን ትንንሽ ወጣ ገባ አለው። አሁን የስቱኮ ተራ ደረሰ። በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቅን፤ ዙሪያውን ደግሞ አሮጌው ቀለም በድንገት እንዳይቆም፣ ወደ ብረቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አሳሳነው። ስቱኮ በቀለም ላይ ሳይሆን በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ ነው ጠንክሮ የሚይዘው። ማድረቂያው ሃምሳ እጅ ስቱኮ ላይ አንድ እጅ ቢሆን ይበቃል፤ ዋናው ነገር ቀይ መስመር እስከማይታይ ድረስ ማዋሐድ ነው። በብርድ ትንሽ ይዘገያል፤ በሙቀት ይፈጥናል።

«ውፍረቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ» አሉኝ። «ጉድጓድ በስቱኮ የሚሞላ ሰው አለ። ሲቀባ ያምራል። ዓመት ሳይሞላው መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይሰነጠቃል። መኪና ገዢም ሞኝ አይደለም፤ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል። ማግኔቱ ብረት ላይ ይይዛል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ያኔ ሻጩ ምን ይላል? ‘እኔ አላውቅም’ ይላል።»

ስቱኮው ሲደርቅ አፌንና አፍንጫዬን በጨርቅ ሸፍኜ መፋቅ ጀመርኩ፤ አቧራው ለሳንባ አይበጅም። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣቴ ይዤ ስፍቅ እንደገና ተቆጡ። ጣት የራሱን ቦይ ይቆፍራል፤ ወረቀቱ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ መያዝ አለበት። ቁጥር 80፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 320። በየመካከሉ ጥቂት የከሰል ዱቄት በጨርቅ ይቀቡበታል። ስፍቅ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጉድጓድ ነው፤ ፈጥኖ የተገፈፈበት ጉብታ ነው። እንዴት ያለ ብልኀት! ያልታየ ስሕተት ራሱን እንዲያሳይ ማድረግ። በውሃ ላለስልሰው ብዬ ስጠይቅም ከለከሉኝ፤ ባዶ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣው ውሃ ብረቱን ያዝጋል፣ ዝገቱም ከወራት በኋላ ቀለሙን እንደ ቃጠሎ ቁስል ያሳብጠዋል። ውሃ የሚመጣው አንቲረስቱ ከተቀባ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ስለ ቀለም አንድም ቃል አለመናገሬን ልብ ብለሃል? እኔም ሁለት ቀን ሙሉ «ቀለሙስ መቼ ነው?» ስል ነበር። ቀለም ሲመጣ ሥራው ሁሉ አልቋል። ቀለም አንድ ሚሊ ሜትር ለዐሥር ቢከፈል ከአንዱ እጅ እምብዛም አያልፍም፤ ምን ሊደብቅ ይችላል? እንዲያውም ያበራልና ትንሿን ጉድለት ያጎላታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። እስካሁን ስሸሸው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንቲረስቱን ቀብተን እስኪደርቅ ስንጠብቅ እናቴ ቡና አፈላች። ረከቦቱ በረንዳው ላይ ተዘርግቷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። አያቴ በቦታቸው ተቀምጠዋል። ጋሼን «ይግቡ» ያላቸው የለም። እሳቸውም አልጠበቁም፤ ጎማው አጠገብ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ቀዳች። የመጀመሪያውን ለአያቴ፣ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጠች። ከዚያ ተነሥታ ማድ ቤቱ መስኮት ላይ ካለችው ቦታ አንዲት ስኒ አመጣች። ጆሮዋ የተሰበረ፣ ከረከቦቱ ስኒዎች ጋር የማትቆጠር ስኒ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። እኛ አንጠጣባትም፤ ተሰብራ ሳለ ለምን እንደማትጣል ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እናቴ ቀድታ ባልዲው ድረስ ወሰደችላቸው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና መረቁ፣ ጠጡ፣ «ቡናው ጥሩ ነው» አሉ።

እኔ ስኒዬን ይዤ በረንዳው ላይ ነበርኩ። በመካከላችን ዐምስት ርምጃ ቢሆን ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ስለ ሥራ ክቡርነት ድርሰት ጽፌ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ ማዘዛቸውን ጠቅሻለሁ። በመስከረም፣ በጊፋታ፣ ቁርጡን የምንቆርጥበትን ቢላዋ ማን ሠራው ብዬም ጠይቄ ነበር። በድርሰቱ «ኤ» አገኘሁበት። ጓደኞቼም አንብበው አመሰገኑኝ፤ ከእናንተ መካከልም የሚያስታውሰው ሰው ይኖራል። ያን ሁሉ የጻፈ ሰው ተነሥቶ «ጋሼ፣ ወደዚህ ይምጡ» ለማለት ሁለት ቃል አጣ። እንዲያውም ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ስልኬን አውጥቼ ማየት ጀመርኩ።

እናቴን ክፉ ሴት አታድርጉብኝ። እነሱ ቤት ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። አያቴም ቢሆኑ ጋሼን ጤናቸውን ይጠይቃሉ፣ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃሉ፤ ዝናቡ ስለበዛበት በቆሎ አብረው ያዝናሉ። ስድብ የለም፣ ጠብ የለም። ስኒ ብቻ አለች። ጋሼ ከሄዱ በኋላ እናቴ ስኒዋን በአመድ አጥባ ወደ መስኮቱ መለሰቻት። ይህን ስታደርግ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። እጇ ለምዶት ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች። በእርጥብ አየር የተረጨ ቀለም እየነጣ ይደበዝዛል ስላሉኝ ይህችን ሰዓት ስንጠብቅ ነበር። የጋሼ ልጅ ትንሹን ኮምፕሬሰር ይዞልን መጣ። ቀለሙንም አሮጌውን እያየ ከነጩ ላይ ጥቂት ቢጫ ጠብ አድርጎ አመሳሰለው። አንቲረስቱን በውሃና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ መስታወቱንና ጎማውን በጋዜጣ ሸፍነን፣ አንድ ወፍራም ንብር ሳይሆን ሦስት ስስ ንብር ተረጨ። በየመካከሉ ተጠበቀ። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣው ሲገፈፍ አያቴ እንኳ «የቱ ጋ ነበር?» አሉ። ለጋሼ ያለኝን ጥቂት ብር ዘረጋሁ። «ተማሪ አይደለህ? ደብተር ግዛበት» ብለው የዘይት ጣሳቸውን አንሥተው ሄዱ።

እሑድ አመሻሽ ላይ አባቴ ገቡ። ቁራሽ ቀመሱ፣ የለቅሶውን ነገር ነገሩን። ልነግራቸው ቆርጬ ነበር፤ ግን «ጥቂት ይረፉ» እያልኩ አዘገየሁት። ሲመሽ እንደ ልማዳቸው ወደ መኪናዋ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። መዳፋቸውን ከፊት ጀምረው እያንሸራተቱ መጡ። የግራው የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። መለስ አደረጉና እንደገና ዳበሱ። ጨለማ ነበር፤ ቀለሙን አላዩትም።

«እዚህ ጋ ማነው የሠራው?» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማርሹን፣ ጭቃውን፣ ምሰሶውን፣ የደረቀውን ስቱኮ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እጃቸው ደኅና ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከፈልካቸው?»

«እምቢ አሉ፣ አባዬ። ቡና ጠጥተው ሄዱ።»

«የት ሆነው ጠጡ?»

መልስ አልሰጠሁም። አባቴም አልደገሙትም። እጃቸው ፓራፋንጎው ላይ እንዳለ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ «በሩን ዝጋ፣ ይበርዳል» ብለው ገቡ። ያን ያህል ዓመት ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ያስተማሩ መምህር ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ስኒዋም መስኮቱ ላይ ነበረች። ከእኛ ከሁለታችን ማን የበለጠ እንዳፈረ አላውቅም።

ወደ ግቢያችን ከተመለስኩ እነሆ ወራት አለፉ። በአማርኛችን መማርን ቀለም መቁጠር እንላለን፤ የተማረውንም የቀለም ሰው እንለዋለን። እኔም ይኸው ቀለም ስቆጥር አለሁ። ስለ እኩልነት ተጠየቅ ብባል ዛሬም ከበፊቱ ያማረ ድርሰት እጽፋለሁ። ነገር ግን ብርጭቆ ወረቀት በያዝኩ ቁጥር፣ ወይም አንድ የተገጨ ባጃጅ በመንገድ ባየሁ ቁጥር፣ «ይህ መጨረሻ ነው፤ አንተ ከመጨረሻው ጀመርክ» የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል።

በዕረፍት ሳምንት አንዴ ቤት ሄጄ ነበር። ከጋሼ የተማርኩትን ሕግ ለሌላ ነገር ልሞክረው አስቤ ነበር የሄድኩት። አያቴን በዕድሜያቸው መጨረሻ በንግግር ልመታቸው አልፈልግም፤ ከመካከሉ ከመታሁ የሚለጠጥ ነገር አለ። ከዳር ልጀምር አልኩ። ዳሩ እኔ ነኝ። ቡና ሲፈላ ተነሥቼ ያችን ጆሮ የሌላትን ስኒ ከመስኮቱ አምጥቼ፣ «እማዬ፣ የእኔን በዚህ ቅጂልኝ» እላለሁ። ከዚያ አያቴ የሚሉትን ይበሉ። ከዚያ ምናልባት በሚቀጥለው ጊዜ ጋሼን ከባልዲው ላይ አስነሥቼ በረንዳው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።

ቡናው ፈላ። ረከቦቱ ቀረበ። አያቴ እየሣቁ ስለ መኪናዋና ስለ ምሰሶው አነሡብኝ። ስኒዋ መስኮቱ ላይ ትታየኛለች። እናቴ የተለመደውን ስኒ ስትዘረጋልኝ ተቀበልኩ። ጠጣሁ።

ፓራፋንጎው እስካሁን አልሰነጠቀም።